አማቴ ሊያርሱ መጡ

የመጀመሪያ ልጃችን ልትወለድ በነበረበት ዓመት ጂንካ የተከራየነው ግቢ ከቤቱ ጓሮው ይበልጥ ነበር። ሁለት ክፍል፣ አንዲት ጭስ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ከአጥር እስከ አጥር ሰው የሚውጥ ሣር። አከራያችን ቁልፉን ሲሰጡኝ «ጓሮውን እንደፈለግህ አድርገው» አሉኝ። ስጦታ ይሁን ማስፈራሪያ አልገባኝም።

እኔ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ያኔ ከገበያው ዝቅ ብሎ አንድ መስታወትና ሁለት ወንበር ያላት ቤት ነበረችኝ። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው አንድ በሽታ ይይዘዋል፤ የተዛነፈ ነገር ማየት አይችልም። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ዓይኔ ከፊቴ ካለው ሰው ማጅራት ላይ ነው። መስመሩ ወደ ግራ ዘምሞ ካየሁ ጸሎቴ ይበላሻል። ስለዚህ ያንን ሣር ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ለዓመታት ማበጠሪያ ያልነካው ጎፈሬ ነበር።

ጥር ላይ ሣሩን አጭጄ፣ መሬቱን በዶማ ገልብጬ፣ ካስማ ተክዬ ሲባጎ ወጠርኩና አራት መደብ አወጣሁ። አንዱ ለካሮት፣ አንዱ ለሽንኩርት፣ አንዱ ለቲማቲም፣ አንዱ ለሰላጣና ለጥቅል ጎመን። ጠርዙን በአካፋ እየላጨሁ ሳስተካክል ባለቤቴ ሆዷን ታቅፋ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

«ልጁ ሲወለድም በሲባጎ ነው የምትለካው?» አለችኝ።

ምክር ደግሞ አልጎደለኝም። ጸጉር ቤት ውስጥ ከጸጉር ይልቅ የሚረግፈው ምክር ነው። ከሰሜን የመጡት አባቴ ጂንካ ውስጥ አርጅተውም ክረምት ማለት ሐምሌ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩና «ሰኔ ሳይገባ ዘር አታባክን» አሉኝ። ምላጭ ከጉሮሮው ላይ የነበረ አንድ ገበሬ ደንበኛዬ ደግሞ መናገር ስላልቻለ በእጁ «አይ፣ አይ» አለ። ምላጩን ሳነሳለት «የእኛ ዝናብ መጋቢት ነው። ግንቦት ድረስ ያጥብሃል። ከዚያ ያርፍና መስከረም ላይ ይመለሳል። አባትህ የሚጠብቁት ዝናብ ጎጃም ነው የሚዘንበው» አለኝ። ገበሬውን ሰማሁ። ለአባቴ ግን እሺ አልኳቸው።

ባለቤቴ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከጂንካ በላይ ደጋው ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች፣ በሃይማኖት ፕሮቴስታንት ናቸው። እናቷ፣ ማለትም አማቴ፣ የመጡት የካቲት ላይ ነው፤ ልጃችን ልትወለድ ጥቂት ቀን ሲቀራት። የድንች ጭነት ላይ ተቀምጠው ነበር የመጡት። አይሱዙው ደጃችን ቆሞ ረዳቱ ሊያወርዳቸው እጁን ሲዘረጋ እሳቸው አልወረዱም። መጀመሪያ ቅቤ አወረዱ። ቀጥሎ የገንፎ ዱቄት። ቀጥሎ እግሯ የታሰረ ዶሮ። በቅጠል የተጠቀለለውን አንድ ትልቅ ነገር ግን ለማንም አልሰጡም፤ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ወረዱ። እኔ «እንኳን ደህና መጡ እማማ» ብዬ ጥቅሉን ልቀበል ስጠጋ ዶሮዋን አስታቀፉኝ።

«ልጄን ላርስ መጣሁ» አሉ።

በአማርኛ የወለደችን ሴት መንከባከብም ማረስ ነው፤ መሬት መገልበጥም ማረስ ነው። አማቴ አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ነበርና ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የነገራቸው ሰው አልነበረም ይሆናል ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ።

በማግስቱ ጧት ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ የካሮት መደቤ መሃል ላይ አንድ እንሰት ቆሟል። ጥቅሉ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ሁለት ወንድሞቹ ደግሞ አንዱ ጥግ ላይ፣ አንዱ ጭስ ቤቱ አጠገብ ተተክለዋል። እንሰት ማለት ሲያድግ የቤት ጣሪያ የሚያክል፣ ቅጠሉ ሁለት ሰው ከዝናብ የሚያስጠልል ተክል ነው። ወደ ቤት ሮጬ ባለቤቴን ቀሰቀስኳት።

«እናትሽ ካሮቴ ላይ እንሰት ተክለዋል!»

«ታዲያ ንገራት።»

«እኔ? አንቺ ንገሪያቸው እንጂ!»

«እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በእኛ ቤት ወግ አማት ፊት ድምፅ ከፍ አይደረግም። በእነሱም ወግ አማች የተከበረ ነው። ስለዚህ በእኔና በአማቴ መካከል የተደረገው ጦርነት ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በትሕትና የተካሄደ ነው። ያን ዕለት ጧት ልነግራቸው ቆርጬ ወጣሁና አጠገባቸው ስደርስ አፌ የተናገረው ሌላ ሆነ።

«እማማ፣ እንዴት ያለ ቆንጆ እንሰት ነው!»

«ቆንጆ ነው» አሉ።

«ብቻ… እዚህ ካሮት ልዘራ አስቤ ነበር። ካሮት ደግሞ ጥላ አይወድም።»

«ካሮት ምንድነው?»

«ሥር ነው። ከአፈር በታች የሚያድግ፣ ቀላ ያለ።»

አማቴ ሰማዩን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ከአፈር በታች ለተቀመጠ ሰው ጥላ ምን ያደርገዋል?» አሉኝ።

እስከ ዛሬም ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም። ካሮቱን በእንሰቱ ዙሪያ ዘራሁ።

ልጃችን ተወለደች፤ መጋቢት ገባ፤ ገበሬው እንዳለውም ዝናቡ መጣ። አማቴ ጧት አራሷን ገንፎ አብልተው፣ ሕፃኗን አጥበው፣ አስተኝተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። እኔ ሱቅ ውዬ ስመለስ ጓሮው ሁልጊዜ በጧት ከተውኩት ይለያል። በሽንኩርቱ መስመር መሃል ጎደሬ ይበቅላል። ከቲማቲሙ ጎን ማን እንደዘራው ያልታወቀ በቆሎ ብቅ ይላል። አንድ ቀን ለሰላጣዬ አዲስ መስመር ስወጥር አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ለምንድነው የምታሰልፋቸው?» አሉ።

«እንዲያምር ነው እማማ። ለመኮትኮትም ይመቻል።»

«እኔ ስማቸውን ልትጠራ መስሎኝ» ብለው ሄዱ።

ካሮቱ ሲበቅል ደስ አለኝ። ቅጠሉ ያምራል፤ ለምለም ነው። ግን በየጥቂት ቀኑ አንዳንዱ ይጠወልግ ጀመር። ተባይ ነው ብዬ አመድ ነሰነስኩ። አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አኖርኩ። በመጨረሻ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አማቴ መደቡ ላይ አጎንብሰው አንድ ካሮት ነቅለው ወደ ጸሐይ ከፍ አድርገው ሲያዩ አገኘኋቸው።

«እማማ! ምነው?»

«አየሁት። አላደገም። መለስኩት።» እንዳሉትም መልሰው በቦታው ሰክተው አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጠቀጠቁለት።

«ሌሎቹንም…?»

«ሁሉንም አያለሁ» አሉ፤ በኩራት። «ተራ በተራ።»

ያ ካሮት ሲደርስ ምን እንደመሰለ መናገር ይከብዳል። እግር ያለው ነበር። የተጠማዘዘ፣ የተቃቀፈ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመ የሚመስልም ነበር። ለመመልከቻ ብዬ አንዱን ጸጉር ቤት ወስጄ መስታወቱ ሥር ብሰቅለው ደንበኞቼ ለሳምንታት ማንን እንደሚመስል ሲከራከሩ ቆዩ።

ካሮቱ ገና ሳይደርስ ሁዳዴ ጾም ነበር። አማቴ ከደጋው ሌላ ነገርም ይዘው መጥተው ኖሯል፤ ግንዱ ተቆርጦ የሚተከል ጎመን። ጾሙ ሲጋመስ ጎመኑ ደረሰ፤ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ማቆሚያ አጣ። ዛሬ ቅጠሉን ቆርጠውት ነገ ተመልሶ ይገኛል። ጎመን በቃሪያ፣ ጎመን በድንች፣ ጎመን በጎደሬ፣ ጎመን በጎመን። እሳቸው አይጾሙም፤ ግን «አማቼ እየጾመ እኔ ቅቤ አልበላም» ብለው አብረውኝ ጎመን ይበሉ ጀመር። ባለቤቴ አራስ ስለሆነች ፊት ለፊታችን ተቀምጣ በቅቤ የራሰ ገንፎዋን ትበላለች። እኛ ሁለታችን ጎመናችንን እያላመጥን ሳህኗን በዝምታ እናያለን።

«እማማ፣ ስለ እኔ ብለው አይጎዱ። እንቁላል አለ፣ ወተት አለ» እላቸዋለሁ።

«ኧረ ጎመን እወዳለሁ» ይላሉ፤ ፊታቸው ሌላ እየተናገረ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ቶንዶሱ አልሠራ ስላለኝ በጊዜ ቤት ገባሁ። አማቴ ጭስ ቤት ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የተጠበሰ እንቁላል በትልቁ እየጎረሱ ነው። ሲያዩኝ አልደነገጡም። አፋቸው ውስጥ ያለውን ቀስ ብለው ዋጡና «ጎመኑ ውስጥ አገኘሁት» አሉ።

ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቤት ልደርስ ስል በሩቁ አስል ነበር።

የዱባው ጉዳይ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። አማቴ አጥሩ ሥር ፍግ ከምረው ጥቂት የዱባ ፍሬ ጣል አድርገው ነበር። ዱባ ሲባል ዝም ብሎ የሚተኛ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ይሄዳል። ጧት ሽንኩርቱ ጠርዝ ላይ ያየሁት ጫፍ ማታ ቲማቲሙን አንቆ ይዞታል። ቢቸግረኝ አንድ ቀን የሱቅ መቀሴን ይዤ መጥቼ በዝምታ ከረከምኩት። ዱባ ሲከረከም ጭራሽ እንደሚብስበት የሚያውቅ ሰው አልነገረኝም። በአንዱ ጫፍ ፋንታ ሦስት አወጣ። አማቴም ዞር ዞር ብለው አይተው «ዱባዬን ማን ላጨው?» አሉ።

«ትንሽ ጸጉሩ በዝቶ…» አልኩ።

«ሒሳብ ጠይቀው» አሉኝ።

ከሦስቱ አንዱ ጫፍ አጥሩን ዘሎ ጎረቤታችን ግቢ ገባ። ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ ጡረታ የወጡ ፖሊስ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ዩኒፎርሙን መልሰዋል፤ ንግግሩን ግን አልመለሱም። ዱባው በሽንት ቤታቸው ግድግዳ ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ተንሰራፋ፤ እዚያም ላይ አንድ ፍሬ አፈራ። ሰኔ ላይ ያ ፍሬ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ አክሎ ነበር። አንድ ጧት ሃምሳ አለቃ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ከእናንተ ግቢ የተነሳ አንድ ዱባ ድንበር ጥሶ ገብቶ በቁጥጥር ሥር ውሏል» አሉኝ።

አማቴ ከኋላዬ መጡ። «ዱባዬ ነው» አሉ።

«እናቴ፣ ፍሬው የተገኘው እኔ ቆርቆሮ ላይ ነው።»

«ሥሩ እኔ ጋ ነው።»

«ሥር አይበላም!»

«ዱባ ድንበር አያውቅም፤ ዱባ ነው» አሉ አማቴ ረጋ ብለው። «ሃምሳ አለቃ ግን ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ይመልሳል።»

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ሃምሳ አለቃ ጎረቤቴ ናቸው፣ በዕድሜም አባቴ ይሆናሉ፤ ባላንጣቸው ደግሞ አማቴ ናቸው። «እንግዲህ ለሁለታችሁም ይበቃል» ብዬ አንድ የማይረባ ሐሳብ አቀረብኩ። ሁለቱም እኩል ናቁኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አማቴ ከዚህኛው በኩል፣ ሃምሳ አለቃ ከዚያኛው በኩል ቆመው ዱባውን ይጠብቁ ጀመር። አንዱ ቀድሞ እንዳይቆርጠው መሆኑ ነው። ሲጠብቁ ዱባው እያደገ ሄደ። ስለ ቆርቆሮው ግን ያሰበ አልነበረም። ቆርቆሮው ያረጀ፣ ዝገት የበላው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አረፈ ስንል፣ ዶፍ ወረደ። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ከሃምሳ አለቃ ግቢ መድፍ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ሰማን። በአጥሩ ስናይ ሃምሳ አለቃ አንድ እጃቸው ሱሪያቸውን፣ አንድ እጃቸው የውሃ ጣሳ እንደያዘ ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። ገና መውጣታቸው ነበር። ዱባው ቆርቆሮውን ቀዶ፣ ወለሉን ሰብሮ፣ ሁሉ ነገር የሚወርድበት ቦታ ወርዷል።

ሃምሳ አለቃ ጣሳውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ድምፃቸውን ጠረግ አድርገው «እናቴ፣ አስቤበት ነበር። ዱባው የእርስዎ ነው፤ ይውሰዱት» አሉ።

አማቴ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። «የለም» አሉ። «ድንበር አልጥስም።»

ቆርቆሮውን እኔ ነኝ ያለበስኩላቸው። ሃምሳ አለቃ ጥቂት ሰሞን ኮስተር ብለው ሰነበቱ፤ ኋላ ግን ከሌላ ግንድ የተቆረጠ ዱባ ተቀቅሎ ሲላክላቸው ሳህኑን ራሳቸው አጥበው መለሱ፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በአጥሩ በኩል ከአማቴ ጋር ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም ያወሩ ነበር።

መስከረም ላይ ሁለተኛው ዝናብ መጣ። እኔም እልህ ይዞኝ ለብቻዬ አንድ መደብ ከልዬ ቲማቲም ችግኝ አሰለፍኩ። አማቴ አልነኩብኝም። ሊያርሱ የመጡት ለአንድ ወር እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አልቀረም። እንሰቱም ደረቴ ደርሶ ካሮቱን ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ከቶታል። እውነቱን ለመናገር በልቤ አንድ ነገር እንዲደርስበት እመኝ ነበር።

ያኔ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል ያለ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ይባረራል። ቤታችን ከሜዳው ብዙም አይርቅም ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱን ላጭቼ በግማሹ ላይ ሳለሁ አውሮፕላኑ በላያችን አለፈ፤ ጥቂት ቆይቶም የሃምሳ አለቃ ድምፅ ከመንገድ ተሰማ፤ «ጓሮህ ተወረረ! ጊደር ገብታለች!»

ቶንዶሱን ጥዬ ሮጥኩ። ደንበኛዬም አንገቱ ላይ ያሰርኩለትን ጨርቅ እንደ ካባ እያውለበለበ፣ ግማሽ ራሱ እያብረቀረቀ፣ ተከተለኝ። ስንደርስ ጊደሯ አጥር ጥሳ ገብታ መሃል መደቡ ላይ ቆማለች። ቲማቲሜን አልነካችም። ጎመኑንም አልነካችም። ሁለቱን እንሰቶች ቅጠላቸውን ጨርሳ ረግጣ ሰብራቸዋለች፤ የካሮት መደቡ ላይ ያለውን ትልቁን ደግሞ እስከ ጉቶው ድረስ ግጣ እያላመጠች ነው። እኔና ሃምሳ አለቃ በዱላም በድንጋይም አልቻልናትም። ደንበኛዬ ጨርቁን እያራገበ ሲመጣባት ግን አንድ ጊዜ አየችውና በገባችበት ቀዳዳ ተመልሳ ወጣች። በእሷ አልፈርድም።

ስመኘው የነበረው ነገር ደረሰ ማለት ነው። ደስ እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ አላለኝም። አማቴ ሕፃኗን አዝለው ከቤት ወጡ፤ ጉቶው አጠገብ ደርሰው ቆሙ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም፤ አልተሳደቡም። ጉቶውን በመዳፋቸው ያዙ። በኋላ ባለቤቴ እንደነገረችኝ እነዚያ ችግኞች አማቴ ሲያገቡ ከእናታቸው ግቢ ይዘው ከመጡት እንሰት የተገኙ ናቸው።

አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ጸጉር ቤት ከደንበኞቼ የለቃቀምኩት ጥቂት አሪኛ ነበረኝና በዚያ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ በቋንቋቸው ላጽናናቸው ወሰንኩ። ቁና ቁና እየተነፈስኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «እግዜር ያጽናዎት» ያልኩ መሰለኝ።

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ አፏን ያዘች።

«ምን አልኩ?» አልኳት።

«እግዜር ይድገምዎት» አለችኝ።

የአማቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። ሲስቁ ነበር። እስኪያነቡ፣ ጀርባቸው ላይ ያለችው ሕፃን እስክትነቃ ሳቁ። ሃምሳ አለቃ ሳቁ፤ ደንበኛዬም ምን እንደተባለ ሳይገባው ሳቀ። ከዚያ አማቴ እጃቸውን ዘረጉልኝና ከመሬት አነሳኋቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘን አናውቅም ነበር።

«አልሞተም» አሉኝ ጉቶውን እያሳዩ። «ልቡ ደህና ነው። ፍግ አምጣ።»

ፍግ አመጣሁ። ለሳምንታት አመጣሁ። ዙሪያውን አጥር አጠርኩለት፤ ቀጥ ያለ አጥር፣ በሲባጎ ተለክቶ። አማቴ አጥሩን አይተው አንዱን ካስማ ብቻ ገፋ አድርገው አጠመሙትና ሄዱ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከጉቶው መሃል እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ወጣ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ ወደ ቤት እየሮጥኩ የጠራሁትም እሳቸውን ነው።

የዚያ ዓመት ቲማቲም ጥሩ ሆነ። አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሬውን በጨው ቀምሰው «ይሄስ ይሰለፍ» አሉ። ልጃችን ቆማ መሄድ ስትጀምር ወደ ደጋው ተመለሱ፤ በዚያው ዓይነት ጭነት መኪና፣ ሃምሳ አለቃ ያዋሷቸውን ዣንጥላ ይዘው። ዣንጥላው አልተመለሰም።

እኛ በዚያ ቤት ጥቂት ዓመት ኖርን። ኋላ አከራያችን ጓሮው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ሠሩበትና ወደ ራሳችን ትንሽ ቤት ገባን። አሁን መሬታችን አንዲት ቁራጭ ናት፤ ሲባጎ የምትፈልግ አይደለችም። አማቴ አርጅተዋል። ሲመጡ ወንበር አውጥተን በረንዳ ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ ከዚያ ሆነው በዘንጋቸው እያመለከቱ እዚህ ትከል፣ ያን ንቀል ይሉኛል። እኔ አንዳንዱን እሰማለሁ። አንዳንዱን ደግሞ «እሺ እማማ» ብዬ እተወዋለሁ፤ እሳቸውም እንደተውኩት ያውቃሉ።

አማቴ ሊያርሱ ሲመጡ የተወለደችው ልጅ ዛሬ በቁመት በልጣኛለች። አትክልት አትበላም። ጎመን ከቀረበ ሳህኑን ገፋ አድርጋ «ማካሮኒ የለም?» ትላለች። አያቷ ደግሞ ከቦርሳቸው ብር አውጥተው ከሱቅ እንዲገዛላት ይልካሉ፤ እኔን ነው የሚልኩት።